የቶማስና የቢውላ የልጅ ልጅ

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼም፣ ዛሬ ስለ አንዲት ገጣሚ መምህርት ላጫውታችሁ። ሪታ ዶቭ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1952 አክረን፣ ኦሃዮ ተወለደች፤ የጎማ ፋብሪካ ከተማ ነበረች። አባቷ ኬሚስትሪ ተምሮ ሳለ፣ ጥቁር ስለሆነ ፋብሪካው በመጀመሪያ የሰጠው ሥራ ሊፍት ማንቀሳቀስ ነበር። ኋላ ግን በዘርፉ ከመጀመሪያዎቹ ጥቁር ኬሚስቶች አንዱ ሆነ።

ልጁ በ1986 ያሳተመችው "ቶማስ ኤንድ ቢውላ" የእናቷን ወላጆች ሕይወት የሚተርክ የግጥም መድበል ነው። ጀግና የለበትም፤ ጦርነትም አልመሩም፣ ሥልጣንም አልያዙም። በ1987 ግን የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ። በግጥም ከእሷ በፊት ሽልማቱን ያገኘች ጥቁር አሜሪካዊት ግዌንዶሊን ብሩክስ ብቻ ነበረች፤ እሷም በ1950። ዶቭ በ1993 የአገሯ ባለቅኔ ሎሬት ተባለች፤ በዚህ ማዕረግ ስትጠራ የመጀመሪያዋ ጥቁር ናት። ከ1989 ጀምሮ ያስተማረችበት የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲም በባሮች ጉልበት የተገነባ ነው።

እኔ ታሪክ ሳስተምራችሁ ዓመተ ምሕረትና ነገሥታት በዝተው ነበር፤ ሥርዓተ ትምህርቱ ይኸው ነው። የሊፍት ሠራተኛና የአያት ታሪክ ግን መዝገብ ቤት አይገኝም፤ ባለቤቱ ካልተናገረ፣ ልጅ ካልጻፈው፣ አብሮ ይቀበራል። አያት ያላችሁ እንግዲህ ዛሬውኑ ደውሉ፤ ሰላምታው ሲያልቅ ስልኩን አትዝጉ፣ ጠይቋቸው።