ማሪዋና የማስታወስ ችሎታን እንዴት ይጎዳል?



በአብያተ ክርስቲያናችን ስለ ማሪዋና ሲነገር ብዙውን ጊዜ የምንሰማው «ያሳብዳል» የሚለውን ነው። ወጣቱ ግን የሚያጨስ የክፍል ጓደኛውን በየቀኑ ያየዋል፤ ጓደኛው አላበደም። ስለዚህ የነገርነውን ሁሉ እንደ ማስፈራሪያ ቆጥሮ ይተወዋል። በእርግጥ በአንዳንዶች ላይ ከባድ የአእምሮ ሕመም ይከተላል። በብዙዎች ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ድምፅ የሌለውና በዝግታ የሚመጣ ነው፤ አዲስ ነገር ተምሮ የመያዝ ችሎታቸው ይደክማል። ሲተውት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መሻሻል አለ። ልጆቻችን ሁለቱንም ሊሰሙ ይገባል።

በማሪዋና ውስጥ ያለው አስካሪ ንጥረ ነገር ቲ.ኤች.ሲ. ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1964 ራፋኤል መሹላም እና የሒኤል ጋዖኒ የተባሉ ተመራማሪዎች በእስራኤል ለይተው አወጡት። እ.ኤ.አ. በ1988 በአንጎል ውስጥ የሚያርፍበት መቀበያ ተገኘ፤ በ1992 ደግሞ አንጎል ራሱ ለዚሁ መቀበያ የሚሠራው አናንዳማይድ የተባለ ንጥረ ነገር ታወቀ። እንግዲህ ፈጣሪያችን በውስጣችን ያኖረው ሥርዓት አለ ማለት ነው። አንጎል ይህን ንጥረ ነገር በሚያስፈልግበት ቦታ በጥቂቱ ያመነጫል፤ የነርቭ ሴሎችን መልእክት መጥኖ ወዲያው ይጠፋል። ቲ.ኤች.ሲ. ግን ያለ ቦታው ገብቶ መቀበያዎቹን ያጥለቀልቃቸዋል፤ በሰውነት ስብ ውስጥም ስለሚከማች ቶሎ አይወጣም።

እነዚህ መቀበያዎች በብዛት ከሚገኙባቸው ስፍራዎች አንዱ ሂፖካምፐስ ነው። የሰማነውና ያነበብነው ወደ ዘላቂ ትዝታ የሚሸጋገረው በዚህ የአንጎል ክፍል ነው። ስለዚህ ያጨሰ ሰው የልጅነት ታሪኩን አይረሳም፤ የሚያመልጠው ከአሥር ደቂቃ በፊት የተነገረው ነው። ወሬ ጀምሮ በመሐል «ምን ልል ነበር?» ይላል። ለማቀድና ራስን ለመግዛት የሚያገለግለው የፊተኛው የአንጎል ክፍልም እነዚህ መቀበያዎች አሉት፤ እርሱ ደግሞ አድጎ የሚጨርሰው በሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ ነው። የ15 ዓመት ልጅ ሲያጨስ ገና በግንባታ ላይ ያለ ቤት ይነካል።

ለዓመታት ሲዘልቅስ? በኒው ዚላንድ ደኒደን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 የተወለዱ 1,037 ልጆችን ተመራማሪዎች ከሕፃንነታቸው ጀምረው ሲከታተሉ ኖረዋል። በ2012 በወጣው ውጤት መሠረት በአሥራዎቹ ዕድሜ ጀምረው ለዓመታት በሱስ የዘለቁት፣ በ13 ዓመታቸው ከነበራቸው የአእምሮ ብቃት መለኪያ በ38 ዓመታቸው በአማካይ 8 ነጥብ ያህል ቀንሰው ተገኙ። ከጎለመሱ በኋላ በጀመሩት ላይ ይህን የመሰለ ቅናሽ አልታየም። በ2022 በወጣው ሌላ ውጤት ደግሞ ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙት በ45 ዓመታቸው የ5.5 ነጥብ ያህል ቅናሽ ነበራቸው። ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የነካኝ ሌላ ነገር ነው፤ በቅርብ የሚያውቋቸው ሰዎች ሲጠየቁ የማስታወስና የትኩረት ችግር እንዳለባቸው መስክረዋል።

በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1985 የተጀመረ ሌላ ጥናት ከ3,000 በላይ ሰዎችን ለ25 ዓመት ተከታትሏል። በመጨረሻ 15 ቃላት አንብበውላቸው ስንቱን እንደያዙ ጠየቋቸው። በየቀኑ የማጨስ ያህል 5 ዓመት በተጨመረ ቁጥር፣ ከሁለት ሰዎች አንዱ አንድ ቃል ያህል አጉድሎ ተገኘ። ጥቂት ይመስላል። ሆኖም 20 ዓመት ያጨሰ ሰው ስብከት ሲሰማ፣ ጥቅስ በቃሉ ሲያጠና፣ በሥራ ቦታ ትእዛዝ ሲቀበል አስቡት።

በሐቀኝነት ለመናገር ግን ክርክር አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 መንትዮችን ያነጻጸረ ጥናት የሚያጨሰውና የማያጨሰው መንትያ በብቃት መለኪያው ብዙም እንዳልተለያዩ አሳይቷል፤ ቤተሰብና አስተዳደግም ድርሻ አላቸው። አንድ ጊዜ የሞከረ ሁሉ አእምሮው ጠፋ ብለን ብናስተምር ሐሰት እንናገራለን። በሌላ በኩል በቀድሞው ዘመን የተጨሰውና ዛሬ የሚሸጠው አንድ አይደለም። በአሜሪካ ከተያዙ ናሙናዎች ውስጥ የቲ.ኤች.ሲ. መጠን በ1995 ወደ 4 በመቶ ነበር፤ በ2014 ወደ 12 በመቶ ደርሷል። በቬፕ የሚሳበው ጭማቂ ደግሞ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ይህ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት አሜሪካ ትልቅ ጉዳይ ሆኗል። ኮሎራዶና ዋሽንግተን ግዛት በ2012፣ ቨርጂኒያ በ2021፣ ሜሪላንድ በ2023 ዕድሜያቸው 21 ለሞላ ፈቅደዋል። በኢትዮጵያ ሕጉ ይከለክላል። ልጆች «ሕጋዊ ነው» ከማለት አልፈው፣ እግዚአብሔር ቡቃያን ሁሉ ለሰው እንደ ሰጠ ከዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ይጠቅሳሉ። ኮሶም ከዛፍ የሚገኝ ነው፤ ከልኩ ሲያልፍ ግን ዓይን እንደሚያጠፋ እናቶቻችን ያውቃሉ። ጳውሎስ በሮሜ 12 በአእምሮ መታደስ መለወጥን ሲመክር፣ የሚታደሰውን አእምሮ በየምሽቱ ማደንዘዝ እንዴት ይስማማል?

አሁን ልጅዎ ወይም ወንድምዎ እያጨሰ ከሆነ ይህን ይስሙ። በቦስተን ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 25 የሆነ 88 ወጣቶች የተሳተፉበት፣ በ2018 የወጣ ጥናት ነበር። ለአንድ ወር ያቆሙት አዲስ ነገር የመማርና የመያዝ ችሎታቸው ተሻሻለ፤ አብዛኛው መሻሻል የታየው ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው። የትኩረት ችሎታቸው ግን በዚያ ወር ልዩነት አላሳየም። በደኒደን በልጅነት ጀምረው ዘግይተው ያቆሙት ደግሞ ሙሉ በሙሉ አልተመለሱም። ስለዚህ «አንተማ አልቀህ የለ» አይበሉት፤ «ጊዜ አለ» ብለውም አያዘናጉት።

ያ የመጀመሪያ ሳምንት ከባድ ነው። በብዛት ያጨስ የነበረ ሰው ይነጫነጫል፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ያጣል፣ እንግዳ ሕልም ያያል። ብዙውን ጊዜ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ይቀልለዋል። ብዙዎች የሚመለሱት በዚህ ሰዓት «ያለ እርሱ መኖር አልችልም» ብለው ነው፤ በቤት ቡድን ያላችሁ በእነዚያ ሌሊቶች ስልካችሁን አትዝጉ። ረጅም ምዕራፍ ሳይሆን አንድ አጭር ጥቅስ በየዕለቱ አብራችሁት አጥኑ፤ ቢረሳው አትገሥጹት። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማኛል፣ ሰዎች ያሳድዱኛል ካለ ግን ሳትዘገዩ ወደ አእምሮ ሐኪም ውሰዱት። እየጸለያችሁለትም መድኃኒቱን እንዲያቋርጥ አታድርጉ።