አንድ ዓይን ያለው ቤት
(የቴርሞስታት ታሪክና የእኛ ቤት)

በሳን ፓብሎ ጎዳና ግራና ቀኝ ካሉት አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ሲሠሩ የባሕሩ ነፋስ ይበቃል ተብሎ ማቀዝቀዣ አልተገጠመላቸውም፡፡ ዛሬ ግን ነፋሱ ብቻውን የማይበቃበት ቀን እየመጣ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 6 ቀን 2022 በሳን ሆዜ ሙቀቱ 109 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ወደ 43 ሴንቲግሬድ ደርሶ ነበር፡፡ ማቀዝቀዣ ባስገቡት ወገኖቻችን ቤት ደግሞ ሌላ እሮሮ ይሰማል፡፡ ሳሎኑ ሲበርድ፣ ከአገር ቤት የመጡት እናት የሚያድሩበት ፎቅ ይግላል፡፡ ጥፋቱ ሁልጊዜ የማሽኑ አይደለም፡፡

በደጋው አገራችን የሙቀቱ ዳኛ ሰው ራሱ ነበር፡፡ ምድጃው ከመሐል ይነዳል፤ የበረደው ይጠጋል፣ የሞቀው ይርቃል፡፡ በአሜሪካ ይህን ዳኝነት ለመሣሪያ ከሰጡት ሰዎች አንዱ በዊስኮንሲን ግዛት በኋይትዋተር ከተማ የመምህራን ማሠልጠኛ መምህር የነበረው ዋረን ጆንሰን ነው፡፡ በትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛው በየክፍሉ እየገባ ሙቀቱን ካየ በኋላ ምድር ቤት ወርዶ የአየር መዝጊያዎቹን ያስተካክል ነበር፡፡ ጆንሰን ይህን ምልልስ ለማስቀረት ከክፍሉ ወደ ምድር ቤት በኤሌክትሪክ ምልክት የሚልክ ቴርሞስታት ሠርቶ በ1883 የፈጠራ መብት አገኘ፡፡ በ1885 በሚልዋኪ ኩባንያ ተቋቋመ፡፡ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ ሐሳቡ ከጅምሩ እያንዳንዱ ክፍል ስለራሱ እንዲናገር ነበር፡፡

በዚያው በ1885 አልበርት በትዝ የተባለ ሰው በሚኒያፖሊስ የከሰል ማሞቂያን የአየር በር በራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ መሣሪያ ፈለሰፈ፡፡ ወደ ተራው ሰው ቤት የገባው ይህ ዓይነቱ ነው፤ አንድ ማሞቂያ፣ አንድ ቴርሞስታት፡፡ ወጪው ቀላል ነው፤ ነገር ግን የአንዱን ክፍል ቃል ብቻ ሰምቶ በቤቱ ሁሉ ላይ የሚፈርድ ዳኛ ሆነ፡፡ እንዲህ ያለውን ዳኛ እኛ በደንብ እናውቀዋለን፡፡

አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል፡፡ ቴርሞስታቱ ከወጥ ቤት አጠገብ ከሆነ፣ እንጀራ ሲጋገር የምጣዱን ሙቀት የቤቱ ሙቀት አድርጎ ይወስዳል፡፡ በበጋ ማሽኑ ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ በክረምት ደግሞ ጓዳው እየበረደ ማሞቂያው ይጠፋል፡፡ ስለዚህ ቦታው የውስጥ ግድግዳ፣ ከወለሉ 5 ጫማ ያህል ከፍ ብሎ፣ ከፀሐይ፣ ከአየር ማስገቢያና ከውጭ በር የራቀ፣ ሰው በብዛት የሚውልበት ክፍል ይሁን፡፡

ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ ለባለ ፎቅ ቤት ይህም ላይበቃ ይችላል፡፡ ያን ጊዜ ቤቱን በክፍል በክፍል ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል፡፡ አንደኛው መንገድ በአየር ቱቦዎቹ ውስጥ በሞተር የሚዘጉና የሚከፈቱ መዝጊያዎች አግብቶ ለላይና ለታች የየራሱን ቴርሞስታት መስጠት ነው፡፡ ሌላው ያለ ቱቦ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ማቀዝቀዣ ነው፡፡ የአየር ማውጫዎችን በእጅ መዝጋት ግን የቱቦውን ግፊት ጨምሮ ማሽኑን ሊጎዳ ይችላል፡፡ ተከራዮች አስቀድማችሁ የቤቱን ባለቤት አስፈቅዱ፡፡

ሁሉም እስኪሆን ድረስ፣ በሙቀት ቀን ቁጥሩን ብቻ አንመን፡፡ ፎቅ ወጥተን እናታችንን «እማማ፣ እንዴት ዋሉ?» እንበል፡፡ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ሙቀት ቶሎ ይጎዳቸዋል፤ እነርሱ ደግሞ ልጆቻቸውን ላለማስቸገር ዝም ይላሉ፡፡