ጋዙ የት ሄደ?

ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ብልባላ የምትባል ትንሽ የላስታ ከተማ አለች። ከአለት የተፈለፈለው ብልባላ ጊዮርጊስ በንቦቹ ይታወቃል። ንቦቹ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ውስጥ ይኖራሉ፤ ምእመናንም ማሩን ለፈውስ ይሹታል። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ኤር ኮንዲሽነር ነው። «ጋቢ ተለብሶ በሚታደርበት ደጋ ኤር ኮንዲሽነር ምን ሊሠራ?» ትሉኝ ይሆናል። እስቲ ታገሱኝ።

ንቦች ቀፏቸው ሲሞቅባቸው ውሃ ቀድተው ያመጣሉ። ውሃውን በማር እንጀራው ላይ በስሱ ይቀቡትና በክንፋቸው ያራግቡታል። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። እጮቻቸው የሚያድጉበትን ቦታ ከ34 እስከ 36 ዲግሪ አካባቢ የሚያቆዩት በዚህ ዘዴ ጭምር ነው። የሸክላ እንስራ ውሃ የሚቀዘቅዘውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በሸክላው ላብ ሆኖ የሚወጣው ውሃ ሲተን የቀረውን ያቀዘቅዘዋል። ፈሳሽ ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ ፍሪጅም ኤር ኮንዲሽነርም የተሠሩት በዚህ ነው።

ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዊልያም ከለን በ1748 እ.ኤ.አ. ኤተር የተባለውን ፈሳሽ አየሩ በተመጠጠ ዕቃ ውስጥ አትንኖ ቅዝቃዜ መፍጠር እንደሚቻል አሳየ። በ1834 ደግሞ ጄኮብ ፐርኪንስ የተነነውን ጋዝ መልሶ ጨምቆ ፈሳሽ ለሚያደርግ ማሽን የፈጠራ መብት አወጣ። ንቦቹ ውሃውን ለሰማይ ይለቁታል፤ የፐርኪንስ ማሽን ግን ያንኑ ፈሳሽ በዝግ ቧንቧ ውስጥ እያመላለሰ ይጠቀምበታል። በ1902 ወጣቱ መሐንዲስ ዊሊስ ካሪየር በኒውዮርክ ብሩክሊን ለሚገኝ ማተሚያ ቤት የዘመናዊውን ኤር ኮንዲሽነር አባት ነደፈ። ያኔ ያስቸገረው የሰው ላብ አልነበረም፤ በእርጥበት የሚለጠጠውና የሚኮማተረው ወረቀት ነበር።

እንግዲህ ጣጣው ያለው «ዝግ» በሚለው ቃል ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጋዞች፣ አሞኒያና ሰልፈር ዳይኦክሳይድን የመሳሰሉት፣ ካፈተለኩ ይመርዛሉ። አልበርት አይንስታይን ከሊዮ ዚላርድ ጋር ሆኖ የሚሽከረከር አካል የሌለው፣ ስለዚህም የማያፈስ ፍሪጅ ነድፎ በ1930 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ማግኘቱን ታውቁ ነበር? ይሁን እንጂ ገበያውን የወሰደው በ1928 በቶማስ ሚድግሌይ ቡድን የተገኘው ፍሪዮን ነው። አይመርዝም፣ አይቃጠልም። ሰውም «ቢያፈስስ ምን አለበት?» ማለት ጀመረ።

ብዙ አለበት። በ1974 ሞሊናና ሮውላንድ ጋዙ ወደ ላይ ወጥቶ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከለንን የኦዞን ሽፋን እንደሚበላ አስጠነቀቁ። በ1985 እንግሊዛውያን ሳይንቲስቶች ሽፋኑ በአንታርክቲካ ላይ ክፉኛ መሳሳቱን ይፋ አደረጉ። በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ ኢትዮጵያም በ1994 ገባችበት። ተተኪዎቹ ጋዞች ኦዞንን አይነኩም፤ ምድርን ግን ያሞቃሉ። በብዙ ኤር ኮንዲሽነሮች ውስጥ ያለው አር-410ኤ፣ በመቶ ዓመት ስሌት፣ ኪሎ ለኪሎ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ2,000 እጥፍ በላይ ያሞቃል። ለዚህም ነው በ2016 ኪጋሊ ላይ እነዚህንም ለመቀነስ የተስማሙት።

አሁን ወደ ሠፈራችን እንመለስ። ውጭ ግድግዳ ላይ ማራገቢያ ያለውን ሣጥንና ቤት ውስጥ ያለውን የሚያገናኙት ሁለት የመዳብ ቱቦዎች ናቸው፦ በቀጭኑ ፈሳሹ ይገባል፣ በወፍራሙ ጋዙ ይመለሳል። ጥሩ ባለሙያ ቱቦውን በመቁረጫ ቆርጦ ፍርፋሪውን ያጸዳል። አፉን እንደ ጡሩምባ ከፍቶ በዳዶ ያስረዋል፤ ወይም ውስጡ ጥቀርሻ እንዳይዝ ናይትሮጅን እያሳለፈ ይበይደዋል። ከዚያ ናይትሮጅን በግፊት ሞልቶ፣ መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ይፈትሻል። በመጨረሻም በቫክዩም ፓምፕ አየሩንና እርጥበቱን ይመጥጣል፤ እርጥበት ውስጥ ከቀረ ከዘይቱ ጋር ሆኖ አሲድ ይፈጥራልና። ደጋ ላይ ሌላም ነገር አለ። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ላሊበላ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ማራገቢያው የሚያገኘው አየር ስስ ስለሆነ የውጪው ሣጥን ሙቀት የመጣል አቅሙ ይቀንሳል።

ችኩሉ ባለሙያስ? ፓምፑን ይዘለዋል። ዳዶውን በግምት ያጠብቃል። በዓመቱ ማሽኑ ማቀዝቀዝ ሲያቆም መጥቶ «ጋዝ ጨርሷል፣ እንሙላው» ይላል። እኛም ከፍለን እንሸኘዋለን።

ወገኖቼ፣ ይህ ጋዝ እንደ መኪና ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። በዝግ ቱቦ ውስጥ እየተነነና እየፈሰሰ ለዓመታት የሚዞረው ያው አንዱ ነው። ከጎደለ አንድ ቦታ አፍስሷል ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ መሙላት ደግሞ ለሌባ በር ከፍቶ ቤት እንደ መሙላት ነው፤ ብሩ ከኪሳችን ይወጣል፣ ጋዙ ሰማያችን ላይ ይቀራል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ «ጋዝ ጨርሷል» ስትባሉ፣ ሁለት ነገር ጠይቁ። «በየት በኩል ወጣ?» በሉት። ቱቦውን ሊፈታ ሲነሣ ደግሞ «የቀረውን ጋዝ በምን ትሰበስበዋለህ?» በሉት። የብልባላ ንቦች ወደ አየር የሚለቁት ውሃ ነው፤ ዝናብ ሆኖ ይመለሳል። የእኛው ግን እንዲያ አይደለም።

ቸር ሰንብቱ።