መጦሪያ ቤትና ጋዜጣ

የአረጋውያን መጦሪያ ቤት በጋዜጣ ዓምድ ላይ ስሙ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ አንድም በበዓል ቀን ስጦታ ሲታደል፥ አንድም ነውሩ ሲገለጥ ነው። የኋለኛው ዓይነት ዘገባ ምን ያህል ኃይል፥ ምን ያህልስ ጉድለት እንዳለው ከኒው ዮርክ ታሪክ መረዳት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1965 ሜዲኬይድ የተባለው የሕክምና ድጎማ በአሜሪካ ከታወጀ በኋላ የመንግሥት ገንዘብ ወደ ግል መጦሪያ ቤቶች በብዛት ይፈስ ጀመር። ገንዘቡ ባለበት ነጋዴ አይታጣምና ለትርፍ የቆመው ባለንብረት በረከተ። በ1974 የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛ ጆን ሄስ የበርናርድ በርግማንን መጦሪያ ቤቶች ጉዳይ በተከታታይ ጻፈ። በ1975 መጀመሪያ ቻርልስ ሃይንስ ለዚሁ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ተሾመ። በ1976 በርግማን ጥፋቱን አመነ፤ የፌዴራሉ ፍርድ ቤት የፈረደበት ግን የአራት ወር እስራት በመሆኑ ቅጣቱ አነሰ ተብሎ ብዙ ነቀፋ ተሰማ።

ጋዜጣው ታላቅ ሥራ ሠርቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም በዚህ ዓይነቱ ዘገባ ዋነኞቹ ባለታሪኮች ባለንብረቱ፥ ሹሙና ዐቃቤ ሕጉ ናቸው። አልጋ ላይ ያሉት አሮጊት በማስረጃነት ይቀርባሉ እንጂ ቃላቸው እምብዛም አይጠየቅም።

በ2020 ኮቪድ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በከርክላንድ ከተማ ወደሚገኝ መጦሪያ ቤት በገባ ጊዜ ዓለም ያየው በመስኮት መስተዋት ወዲያና ወዲህ የሚተያዩ ወላጅና ልጅን ነበር። መግባት ተከልክሎ ስለነበር ፎቶግራፍ አንሺው ከደጅ መቅረቱ አያስወቅሰውም። ነገር ግን በአንዳንዶቹ ፎቶግራፎች ላይ ከመስተዋቱ ውስጥ ያሉት አረጋውያን ስልክ ይዘው ሲነጋገሩ ይታያሉ።