«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (ፊልም) እና የኢሉባቦር ጭሰኛ

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ በሎስ አንጀለስ ሲኒማ ይማር በነበረበት ዘመን ያዘጋጀው የአማርኛ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1974፣ ዘውዱ በሚንገዳገድበት ወቅት፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም በሁለት ሳምንት ገደማ ተቀረጸ። ተዋንያኑ በአብዛኛው ሙያተኞች አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1976 ለእይታ በቅቶ በሎካርኖ ፌስቲቫል ተሸልሟል። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የሚረዝመው ፊልም አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ በባለመሬት ማሳ ላይ ሲያርስ፣ ከብት ሲጠብቅና ሲታዘዝ ያሳያል። ከበበ የተባለው፣ ሰው እንደ እብድ የሚያየው አርበኛ ደግሞ ያንኑ ባለመሬት ፊት ለፊት ይዘልፋል።

የጌታና የጭሰኛ ግንኙነት

ፊልሙ ሥልጣንን በጅራፍ ብቻ አይለካም። ባለመሬቱ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ያዛል፣ ይሳደባል፣ ይቆጣጠራል፤ ከወንበሩ ሳይነሳ የሚኖረውም ሌሎች ስለሚነሱለት ነው። ስለዚህ ጥገኝነቱ የአንድ ወገን አይደለም፤ ጭሰኛው የመሬቱ፣ ጌታው የጭሰኛው ጉልበት ጥገኛ ናቸው። ልዩነቱ ጥገኝነቱን ማን ይሸከመዋል በሚለው ላይ ነው። ባለመሬቱ ጥገኝነቱን መብት ብሎ ሲጠራው፣ ጭሰኛው የራሱን ዕዳ አድርጎ ይቀበለዋል። ፊልሙ ክፉውን ጌታ ከማውገዝ አልፎ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው፤ ተገዢው ራሱን በጌታው ዓይን መመዘን ሲጀምር ክብሩ ከምርቱ ጋር አብሮ እንደሚወሰድ ያሳያል። ልጅቱ በሕልሟ ወላጆቿን እንደ በሬ በቀንበር ተጠምደው ስታይም፣ ሰው ቀን ላይ ያልተናገረውን እንቅልፉ ይናገረዋል።

በዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ ጭሰኛው ዝም ያለ፣ ጌታውን ብቻ የሚያይ ሰው ተደርጎ ስለተሳለ ፊልሙ ራሱ ክብሩን ይነፍገዋል ይባላል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ሆኖም ካሜራው በእርሻውና በቤት ሥራው ላይ የሚቆይበት ጊዜ ከትዕዛዙ ይልቅ ረጅም ነው። ጭሰኛው አይናገር እንጂ ማሳውን የሚያውቀው እሱ ነው፤ ጌታው የሚያውቀው ድርሻውን ብቻ ነው። ዝምታውንም እንደ ባዶነት ሳይሆን እንደ ጥንቃቄ ማንበብ የተሻለ ይመስላል።

የከበበ ጉዳይ አወዛጋቢ ነው። ከጣልያን ጋር ተዋግቶ ሲመለስ መሬቱን አጥቷል፤ በመጨረሻም ባለመሬቱን ይገድላል። አንዳንዶች ይህን የአመጽ ጥሪ አድርገው ያዩታል። ነገር ግን ገዳዩ ጭሰኛ አለመሆኑ ሊታለፍ አይገባም። የሚያጣው ማሳ፣ የሚፈራው ማባረር የለውም፤ ጥገኝነቱ ተቆርጧል፤ እብድ መባሉም የዚሁ ዋጋ ይመስላል። ክብሩን የመለሰው ከግንኙነቱ ውጭ በመቆሙ ከሆነ፣ ለቀሩት ጭሰኞች ያው መንገድ ክፍት አይደለም። ድርጊቱም መፍትሔ ሆኖ አይቀርብም፤ ገዳዩም አብሮ ይጠፋል።

ከኢሉባቦር አንጻር

ፊልሙ የኢሉባቦርን ጠቅላይ ግዛት ለይቶ አያሳይም፤ ጥያቄው ግን እዚያ እጅግ ይከብዳል። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ በተደረገ የመሬት ይዞታ ጥናት መሠረት፣ በጠቅላይ ግዛቱ ካሉት አራሾች ከ70 በመቶ በላይ የሰው መሬት የሚያርሱ ጭሰኞች ነበሩ፤ ይህም በአገሪቱ ከተመዘገቡት ከፍተኛ መጠኖች አንዱ ነው። በጎሬ፣ በመቱና በበደሌ ዙሪያ የቡና ሀብት ነበረ። የጎሬ ነጋዴዎችም ቡናውን በጋምቤላና በባሮ ወንዝ በኩል ወደ ሱዳን ይልኩ ነበር። ጭሰኛው እንደ ውሉ ከምርቱ ሲሶ ወይም እኩል ይከፍል ነበር።

ሆኖም የፊልሙን ምስል በቀጥታ መጫን ስህተት ይሆናል። በኢሉባቦር ብዙ ባለመሬቶች በማሳቸው አይኖሩም ነበር፤ በመካከል የሚቆመው ወኪል ወይም ቆሮ የሚባለው የአካባቢ ሹም ነበር። ጌታው በዛፍ ሥር ሲቀመጥ ስድቡ ከማን እንደሚመጣ ይታወቃል። ጌታው ሩቅ ሲሆን ግን ጭሰኛው የሚታዘዘው ራሱም ለሚታዘዝ ሰው ነው። ስለዚህ የፊልሙ ባለመሬት ባለቤትነትንና ትዕዛዝን በአንድ ሰው ፊት ሲያሳይ፣ የኢሉባቦሩ ግንኙነት ፊቱን የሸሸገ ነበር ማለት ይቻላል። ይህ ግን ንባቡን አያፈርሰውም፤ ያጠብቀዋል። ጌታው ሳይታይ የሚጸና ትዕዛዝ በተገዢው ውስጥ ይበልጥ ሥር የሰደደ ነውና።

ከ1967 በኋላ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የጭሰኝነትን ግዴታ ሻረ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚፈቀደው መሬትም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። ፊልሙ ለዕይታ ሲበቃ ያሳየው ሕግ አብቅቶ ነበር።

እድሳት

ፊልሙ በፊልም ሠሪው ማርቲን ስኮርሴዚ ድጋፍ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2006 በካን ፌስቲቫል ታይቷል።