ጉልበት፣ ወገብና ጣት፦ መገጣጠሚያዎቻችን እንዴት ይታጠፋሉ?

በቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና ፈረቃ ሲያበቃ ሠራተኛ የሚያመላልሰው አውቶቡስ አጠገብ ብትቆሙ፣ የማን ጉልበት እንደታመመ ማንም ሳይነግራችሁ ታውቃላችሁ። አንዱ በደህናው እግሩ ይወጣና ሌላውን ቀጥ እንዳለ ይጎትተዋል። ሌላዋ በሁለት እጇ መያዣውን ይዛ ራሷን ትስባለች። ከተማዋ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከተቆረቆረች ጀምሮ በፋብሪካ የምትተዳደር ናት፤ ቀድሞ በስኳርና በጨርቃ ጨርቅ፣ ከ1999 ወዲህ ደግሞ በኢንቴል ፋብሪካ ትታወቃለች። የሚመረተው ነገር ይለያይ እንጂ በማሸጊያው፣ በመጋዘኑና በጽዳቱ ሥራ ላይ ያሉ ወገኖቻችን ቀኑን ሙሉ ያጎነብሳሉ፣ ያነሳሉ፣ ይጨብጣሉ። ስለዚህ ዛሬ ስለ መገጣጠሚያ ልንጽፍ ወደድን።

መገጣጠሚያ ማለት አጥንትና አጥንት የሚገናኙበት ቦታ ነው። በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ማዕዘን ሲጠብ መታጠፍ፣ ሲሰፋ መዘርጋት እንለዋለን። ሐኪሙ በዕብራይስጥ «ኪፑፍ» እና «ይሹር» የሚለው ይህንኑ ነው። ሁሉም መገጣጠሚያ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ክርንና የጣት አንጓ እንደ በር ማጠፊያ ናቸው፤ ጉልበትም በአብዛኛው እንደዚሁ ነው። ዳሌና ትከሻ በሙቀጫ ውስጥ እንዳለ ዘነዘና በየአቅጣጫው ይዞራሉ። የአንገታችን የመጀመሪያ አጥንት ደግሞ በሁለተኛው ላይ እንደ እንዝርት ይሽከረከራል፤ «እምቢ» ብለን ራሳችንን የምንነቀንቀው በዚያ ነው።

የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት፣ ለስላሳና ነጭ ነገር ነው። የደም ሥር የለውም። ታዲያ ምግቡን ከየት ያገኛል? በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው፣ እንደ እንቁላል ነጭ ከሚያሟልጨው ፈሳሽ ነው። ስንረግጥ እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል፣ ስንለቀው ፈሳሹን መልሶ ይመጠዋል። የማይንቀሳቀስ መገጣጠሚያ ምግቡ ይጎድልበታል ማለት ነው። ለረጅም ሰዓት ተቀምጠን ስንነሳ ጉልበታችን «አልታዘዝም» ብሎ ጥቂት ከተራመድን በኋላ የሚፍታታውም ስለሚሟሟቅና ፈሳሹ መልሶ ስለሚሠራጭ ነው።

በደህና ጊዜ የአዋቂ ጉልበት ወደ 135 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይታጠፋል። በሜዳ ለመራመድ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ይበቃል፤ ለደረጃ ከ80 እስከ 100፣ ከዝቅተኛ ወንበር ለመነሳት ደግሞ ከዚያም በላይ ያስፈልጋል። እንደ ሀገር ቤት ቁጢጥ ለማለት ግን ጠቅላላው ይፈለጋል። ሰው በመንገድ ላይ ደህና እየተራመደ ከሶፋ መነሳት የሚያቅተው ለዚህ ነው። የታመመ ጉልበት ሥር ትራስ አድርጎ መተኛት ደስ ይላል፤ ልማድ ከሆነ ግን ጉልበቱ እንደታጠፈ ይቀራል፣ ቀጥ ማለት ያቅተዋል። ይህን ብዙ ሽማግሌዎቻችን ሲያደርጉት እናያለንና ልጆች ብታስተውሉላቸው።

ጉልበትን ካነሳን አይቀር፣ በ1973 (እ.ኤ.አ.) ዶናልድ ጆሃንሰን በአፋር ሐዳር አንድ የጉልበት መገጣጠሚያ አገኘ፤ ዕድሜው ወደ 3.4 ሚሊዮን ዓመት ነው። የጭኑ አጥንት ከቅልጥሙ ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ብቻ ባለቤቱ በሁለት እግሩ ቆሞ ይሄድ እንደነበር አስረዳ። ድንቅነሽ የተገኘችው በዓመቱ ነው።

ወደ ወገብ እንምጣ። ጎንበስ ስንል የሚታጠፉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ዳሌና የአከርካሪ አጥንት። በጀርመን ሀገር በኡልም ከተማ ተመራማሪዎች በአንድ ፈቃደኛ ሰው ወገብ ዲስክ ውስጥ መለኪያ አስገብተው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱን አሳተሙ። ሰውየው ሲቆም ግፊቱ 0.5 ሜጋፓስካል ነበር። 20 ኪሎ ዕቃ ጀርባውን አጉብጦ ሲያነሳ 2.3 ሆነ። ጉልበቱን አጥፎ ሲያነሳ 1.7፣ ዕቃውን ወደ ሆዱ አስጠግቶ ሲይዝ 1.1 ሆነ። የአንድ ሰው ልኬት ቢሆንም አቅጣጫው ግልጽ ነው፦ ሸክሙን ወደ ሰውነት አስጠጉ፣ ጉልበትና ዳሌን እጠፉ፣ ተሸክማችሁ ወገባችሁን አትጠምዝዙ፤ እግራችሁን አዙሩ።

ይህ ሲባል ማጎንበስ ራሱ ክፉ ነው ማለት አይደለም። እናቶቻችን በወፍጮ ላይ ተንበርክከው ፈጭተዋል፣ ሸክላ ሠርተዋል፣ እንስራ ተሸክመዋል፤ እነሱንም ድካሙ አልማራቸውም። ነገር ግን አንዴ ቁጢጥ፣ አንዴ ቆሞ፣ አንዴ ዳገት ነበር። የመሥመር ሥራ ግን ያንኑ እንቅስቃሴ በየደቂቃው ይደግመዋል። በእኛ አስተያየት ዋናው ጠላት ድግግሞሹ ነው።

ይህ በተለይ በእጅ ላይ ይታያል። ጣትን የሚያጥፉት ትልልቅ ጡንቻዎች ያሉት በክንዳችን ላይ ነው። 9 ጅማቶችና አንድ ነርቭ በእጅ አንጓ ባለች ጠባብ መተላለፊያ አልፈው ወደ ጣቶች ይሄዳሉ። ጅማቶቹ ዙሪያቸው ሲያብጥ ነርቩ ይጨፈለቃል፤ አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሐል ጣት በተለይ ሌሊት ይደነዝዛሉ። አንዳንዴም ጣት ታጥፎ ይቆለፍና ሲዘረጋ «ቀጭ» ይላል። ሁለቱም ቶሎ ከታዩ ሕክምና አላቸው።

ለሐኪም ስትናገሩ አንድ ነገር አስተውሉ። እኛ ወገባችንን ሲያመን «ኩላሊቴን» ማለት ለምደናል። በኩፓት ሆሊም ይህ በቀጥታ ከተተረጎመ የሽንት ምርመራ ታዝዞ ወገባችሁ ሳይታይ ልትመለሱ ትችላላችሁ። «ቁርጥማት» ብቻ ከማለትም የትኛው መገጣጠሚያ፣ ሲታጠፍ ነው ወይስ ሲዘረጋ፣ ጠዋት ነው ወይስ ከሥራ በኋላ ብላችሁ በእጃችሁ አሳዩ። ወጌሻን የምናከብር ብንሆንም ትኩሳት ያለበትን፣ ያበጠና የሚያቃጥልን መገጣጠሚያ ማሸት አደጋ አለው። ከወገብ ሕመም ጋር ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ወይም በጭን መካከል ከደነዘዘ በዚያኑ ሰዓት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው።

በመጨረሻም የመብት ጉዳይ አለ። በቢቱዋሕ ለኡሚ ዘንድ የሥራ ጉዳት መውደቅና መቆረጥ ብቻ አይደለም። የሥራ ፍርድ ቤቶች «ሚክሮትራውማ» የሚሉት አለ፦ ተመሳሳይ ጥቃቅን እንቅስቃሴ እየተደጋገመ፣ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ጎድቶ፣ ተጠራቅሞ ሕመም ሲሆን። ማስረጃ ስለሚጠይቅ ቀላል አይደለም። ሥራው እንዳመጣባችሁ ለሐኪሙ ገና ስትታዩ ንገሩ፣ በፋይላችሁም መጻፉን አረጋግጡ። ከአሠሪው ቅጽ 250 ጠይቁ፤ በካብላን በኩል የምትሠሩ ከሆነ ቅጹን የሚሰጠው ትሉሻችሁ ላይ ስሙ ያለው አሠሪ ነው። ጥያቄው በ12 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ከዛሬ ጀምሮም በአንድ ደብተር ላይ ጻፉ፦ በፈረቃ ስንት ካርቶን ታነሳላችሁ፣ እያንዳንዱ ስንት ኪሎ ነው፣ ከወለል ነው ወይስ ከጠረጴዛ፣ በየትኛው እጅ፣ በሰዓት ስንት ጊዜ።