የሆሊ በዓል ምግብና መጠጥ ከየት መጣ?

ባለፈው ዓመት በማሠልጠኛ ተቋማችን አንድ እጩ መምህር ለማስተማር ልምምድ ያዘጋጀውን የትምህርት ዕቅድ ይዞልኝ መጣ። ርዕሱ «የዓለም ሕዝቦች በዓላት» የሚል ነበር። ስለ ህንዶች የሆሊ በዓል በጻፈው ክፍል ውስጥ «ባህላዊ ምግባቸውና መጠጣቸው ከጥንት ጀምሮ ሳይለወጥ የቆየ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። በቀይ እስክሪብቶ ላሰምርበት ካልኩ በኋላ እጄን ሰበሰብኩ። ዓረፍተ ነገሩ የራሴ ነበር። ልጁ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተማርኩት ተማሪዬ ነው፤ ቃሉንም ያን ጊዜ በሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ከደብተሩ እንዳለ ገልብጦታል። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

ሆሊ የሂንዱ እምነት ተከታዮች የፀደይ በዓል ነው። ፀደይ ሲባል ግን የእኛ የመስከረም አደይ ወቅት አይደለም፤ በሰሜን ህንድ ክረምቱ ማለት ብርዱ አልፎ ሙቀቱ ሳይበረታ ያለው ጊዜ ነው። በዓሉ ፋልጉን በሚባለው ወር ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ይውላል፤ በእኛ አቆጣጠር በየካቲት ወይም በመጋቢት መሆኑ ነው። በዋዜማው ሌሊት ትልቅ ደመራ ይለኮሳል። ይህም ትእቢተኛው ንጉሥ ሂራንያካሺፑ አምላክን በመምለኩ ሊያስገድለው የፈለገው ልጁ ፕራህላድ ከእሳት መትረፉን፣ እቅፍ አድርጋው እሳት ውስጥ የገባችው አክስቱ ሆሊካ ግን መቃጠሏን የሚያስታውስ ነው። በማግሥቱ ሕዝቡ ቀለም ይረጫጫል፤ ከዚያም ይበላል፣ ይጠጣል።

በዓሉ ራሱ ጥንታዊ ስለመሆኑ ማስረጃ አይጠፋም። በ7ኛው መቶ ዓመት የነገሠው ሐርሻ ደረሰው በሚባለው «ራትናቫሊ» በተሰኘው ተውኔት መክፈቻ ላይ የከተማው ሕዝብ በፀደይ በዓል የቀለም ዱቄትና ውኃ ሲረጫጭ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1030 ገደማ ስለ ህንድ የጻፈው ሊቅ አል ቢሩኒም በፋልጉን ሙሉ ጨረቃ እሳት እንደሚነድና እሳቱን ከመንደር ውጭ እንደሚጥሉት ጠቅሷል። ስለዚህ ስሕተቴ በበዓሉ ላይ አልነበረም፤ በማዕዱ ላይ ነበር።

ከማዕዱ ሁሉ የጥንቱን ጠባይ የያዘው ምናልባት ከሁሉ ያነሰ ግምት የሚሰጠው ነው። በሰሜን ህንድ በብርዱ ወራት የሚበቅሉት ስንዴ፣ ገብስና ሽምብራ የሚደርሱት በሆሊ ሰሞን ነው። ገበሬዎች የስንዴውንና የገብሱን ዛላ፣ የሽምብራውንም እሸት ከነግንዱ በደመራው እሳት ለብለብ አድርገው ይበሉታል፤ ለቤተሰብም ይዘው ይመለሳሉ። እንዲህ የተጠበሰው የሽምብራ እሸት «ሆላ» ይባላል። የበዓሉን ስም ከሆሊካ ሳይሆን ከዚህ ቃል ጋር የሚያያይዙም አሉ። የሽምብራ እሸት ጠብሶ እጁን ጥላሸት ያስነካ የአገራችን ልጅ ይህን ለመረዳት ሥዕል አያስፈልገውም። መጀመሪያ ለአምላክ፣ ቀጥሎ ለሰው የቀረበ የአዲስ እህል ቅምሻ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው «ቫዳ» ነው። ኡራድ የሚባለው ጥራጥሬ ተዘፍዝፎና ተፈጭቶ፣ በዘይት ተጠብሶ እርጎ ውስጥ ይነከራል። በዛሬው ደቡብና ምዕራብ ህንድ ሰፊ ክፍል የገዛው ሦስተኛው ሶሜሽቫራ እ.ኤ.አ. በ1129 ገደማ ባዘጋጀው «ማናሶላሳ» በተባለው መጽሐፍ ውስጥ በወተትና በእርጎ የሚነከር ቫዳ ተገልጿል። እነሆ አንድ የሆሊ ምግብ 900 ዓመት ገደማ በጽሑፍ ተከታትለን አገኘነው ማለት ነው። ይሁንና ዛሬ በሰሜን ህንድ ከተሞች ቫዳው ላይ የሚነሰነሰውን ቀይ በርበሬ ሶሜሽቫራ ሊያውቀው አይችልም ነበር። በርበሬ የአሜሪካ ተክል ነው። ቫስኮ ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1498 ካሊከት ከደረሰ በኋላ ነው በፖርቱጋሎች መርከብ ወደ ህንድ የገባው። ለበዓሉ የሚጠበሰው ድንችም እንዲሁ ከአሜሪካ የመጣ ሲሆን፣ በህንድ በሰፊው የተስፋፋው ከዚያም በኋላ በእንግሊዞች ዘመን ነው። በዚህ ነገር በህንዶች መሳቅ አይገባንም፤ የእኛም ድልህና አዋዜ የቆመው በዚያው የአሜሪካ ተክል ላይ ነው።

በሆሊ ሰሞን በኡታር ፕራዴሽና በአጎራባቾቹ ክፍለ ሀገሮች ያለ እርሱ በዓሉ የማይደምቀው ጣፋጭ ደግሞ «ጉጂያ» ነው። የስንዴ ሊጥ ይዳመጣል፤ በመካከሉ «ኮያ» ይደረጋል። ኮያ ማለት ወተት በሰፊ ብረት ድስት እየተማሰለ ውኃው ተኖ እንደ ሊጥ ሲጠጥር የሚገኘው ነው። በእርሱ ላይ ስኳር፣ ዘቢብ፣ ኮኮናትና ሄል ይጨመርና፣ ሊጡ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ተጣጥፎ ጠርዙ እንደ ሽሩባ ይጎነጎናል፤ ከዚያም በንጥር ቅቤ ይጠበሳል። ሴቶች ከበዓሉ ቀናት አስቀድሞ ከጎረቤት ጋር ተሰባስበው ይሠሩታል። በማሃራሽትራ ግን በዚህ ፈንታ የሚበላው «ፑራን ፖሊ» ነው፤ የሽምብራ ክክ ከሸንኮራ «ጉር» ጋር ተቀቅሎና ላቁጦ በስሱ ቂጣ ውስጥ ታሽጎ በምጣድ ይጋገራል። ጉር የሚባለው የሸንኮራ ጭማቂ ፈልቶ የሚረጋው ቡናማ ስኳር ሲሆን፣ ሸንኮራው የሚጨመቀው በብርዱ ወራት ስለሆነ በሆሊ ጊዜ ገና ትኩስ ነው።

ስለ ስኳር ካነሣን አይቀር፣ የቃሉ ታሪክ ለክፍል ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ሳንስክሪቱ «ሻርካራ» ይላል፤ ፋርሱ «ሻካር»፣ ዐረቡ «ሱከር»፤ እኛም «ስኳር» እንላለን። ነጭ የፋብሪካ ስኳር ግን በህንድ መንደሮች የተትረፈረፈው በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 የስኳር ኢንዱስትሪውን ከውጭ ውድድር የሚከላከል ሕግ ከወጣ በኋላ ፋብሪካዎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዝተዋል። ስለዚህ አንዲት አያት ለበዓል የምትሠራው ጉጂያ የእርሷ አያት ከሠራችው በጣዕም እንኳ አንድ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ከመጠጦቹ «ታንዳይ» ይቀድማል፤ ስሙ ከቅዝቃዜ የመጣ ነው። አልሞንድ፣ የሐብሐብ ዘር፣ እንስላል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ሄልና የጽጌረዳ አበባ አብረው ይፈጩና በቀዝቃዛ ጣፋጭ ወተት ይበጠበጣሉ። ቁንዶ በርበሬው ከደቡብ ጠረፍ፣ ሳፍሮን ከተጨመረም ከካሽሚር፣ ደረቅ ፍራፍሬው በፊት ነጋዴዎች ከካቡል ያመጡት የነበረ ነው። በአንድ ኩባያ ውስጥ የግማሽ እስያ ንግድ አለ። «ካንጂ» ደግሞ የድሃውም የሀብታሙም መጠጥ ነው፤ ጥቁር ካሮትና የተፈጨ ሰናፍጭ በውኃ ተደርጎ ለቀናት ፀሐይ ላይ ይቀመጥና ሲኮመጥጥ ይጠጣል።

በታንዳይ ላይ አንዳንዶች «ባንግ» ይጨምራሉ። ባንግ ከካናቢስ ቅጠል ተፈጭቶ የሚዘጋጅ አስካሪ ነገር ነው፤ ተክሉ በአገራችን በሕግ የተከለከለ መሆኑን ተማሪ ሁሉ ማወቅ አለበት። በታሪክ መምህርነቴ ግን ዘልዬው ማለፍ አልችልም። የእንግሊዝ ቅኝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1893 አጣሪ ኮሚሽን አቋቁሞ ከ1,100 በላይ ምስክሮች ካዳመጠ በኋላ፣ ኮሚሽኑ ሙሉ በሙሉ መከልከሉን አልደገፈም፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ቅጠሉ ከሃይማኖታዊ ልማድ ጋር የተሳሰረ መሆኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የህንድ አደንዛዥ ዕፅ ሕግም አበባውንና ሙጫውን ሲከለክል ቅጠሉን ብቻውን ከትርጉሙ ውጭ አድርጎ ለየክፍለ ሀገሩ ቁጥጥር ትቶታል። በተረፈ ሆሊን የሚያከብር ሂንዱ ሁሉ ባንግ ይጠጣል ብሎ ማስተማር ሐሰት ነው።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። በአባቶቻችን ዘመን በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ካስተማሩት ህንዳውያን ብዙዎቹ የደቡቡ የኬረላ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ናቸው። ሆሊ በኬረላ እንደ ሰሜኑ አይከበርም። «ህንዳዊው የሒሳብ መምህሬ ጉጂያ በልቶ አያውቅም» የሚል አባት ያለው ተማሪ ቢያጋጥማችሁ ልጁ አልተሳሳተም።

በመጨረሻ ያስቀመጥኩት እኔን ከሁሉ ያስገረመኝን ነው። በጉጃራት የሆሊ ዕለት የሚበላው ቴምር፣ የተቆላ ሽምብራና «ዳኒ» ነው። ዳኒ ማለት የማሽላ ፈንዲሻ ነው! ማሽላ የአፍሪካ እህል ነው። በምሥራቅ ሱዳን ከካሰላ አካባቢ በተገኙ፣ ከ5,000 ዓመት በፊት በተሠሩ የሸክላ ስብርባሪዎች ላይ ሰው ማላመድ የጀመረው ማሽላ አሻራ መኖሩን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 አሳውቀዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ሺህ ዓመት ይኸው እህል ባሕር ተሻግሮ ህንድ ውስጥ ይዘራ ነበር። እንግዲህ የሂንዱ በዓል ማዕድ ላይ ካሉት የጥንት እንግዶች አንዱ ከእኛ ድንበር ማዶ፣ የተከዜ ውኃ ከሚወርድበት አገር የሄደ ነው።

ይህን ሁሉ ለልጁ ነገርኩት፤ ዓረፍተ ነገሩ የእኔ ስሕተት እንደነበረም አልደበቅኩትም። ትንሽ ዝም ካለ በኋላ «ታዲያ መምህር፣ ደብተሬን ልጣለው?» አለኝ። «አትጣለው፤ ሰርዘህ ከጎኑ ጻፍበት» አልኩት። ለልምምዱ ክፍል ሲገባ በወረቀት ከረጢት የማሽላ ፈንዲሻ ይዞ ነበር። ለተማሪዎቹ እያደለ ይህ የየት አገር የበዓል ምግብ እንደሆነ ጠየቃቸው። ከኋላ ተቀምጬ ስሰማ፣ ህንድ ያለ አንድም አልነበረም።